ሪሲቨሩ ይቆይ፤ ገንዘቡን ለፊቶቹ ሦስት ስፒከሮች ያውሉት

ጥያቄ፦ «ሳሎኔ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ቲቪው በረጅሙ ግድግዳ በኩል ነው፤ ሶፋው ትይዩ ሆኖ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል፤ ከሶፋው እስከ ቲቪው 3 ሜትር ያህል ይሆናል። 5.1 የቤት ሲኒማ አለኝ። ሪሲቨሩ (ድምፁን ተቀብሎ ስፒከሮቹን የሚያስጮኸው ማሽን) ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ኤችዲኤምአይ 1.4 ያለው፣ ለእያንዳንዱ ቻናል 100 ዋት የሚል የተጻፈበት ነው። አምስቱ ስፒከሮች ትናንሽ፣ ባለ 3 ኢንች ናቸው። ሰብዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን የሚያወጣው ስፒከር) ባለ 8 ኢንች ሲሆን ጥግ ላይ ነው ያለው። ቲቪው 55 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ ነው። ፊልም ስናይ ንግግሩ አይሰማም፤ ድምፁን ስንጨምር ደግሞ ፍንዳታው ጆሮ ይበጥሳል፣ ቤዙም አንድ ዓይነት ኖታ እየደጋገመ ያጓራል። ባለ 9 ቻናል 8ኬ ሪሲቨር፣ አራት የጣሪያ ስፒከሮች ለአትሞስ (ድምፅን ከራስ በላይም ለሚያመጣው ሥርዓት) እና ጥሩ የኤችዲኤምአይ ገመዶች ልገዛ ነው። ከየቱ ልጀምር?»

መልስ፦ ከሦስቱም አይጀምሩ። ሊገዟቸው ካሰቧቸው ዕቃዎች አንዱም የጻፏቸውን ችግሮች አይነካም። አዲሱ ሪሲቨር የሚያስጮኸው እነዚያኑ ስፒከሮች ነው፤ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ። የንግግሩ አለመሰማትና የቤዙ ማጓራት ለየብቻ የመጡ ይመስላሉ እንጂ አብዛኛው ምክንያታቸው አንድ ነው፦ ስፒከሮቹ ከሚገባው በላይ ትናንሽ በመሆናቸው ሰብዉፈሩ የእሱ ያልሆነውን ሥራ ተሸክሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 3 ኢንች ስፒከር ከ150 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች ያለውን ድምፅ በቂ ጉልበት ሰጥቶ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ወደ ሰብዉፈሩ መላክ አለበት። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ግን በግምት ከ85 እስከ 180 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ውጤቱም የተዋናዩ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀጭኑ ከቲቪው ሥር፣ ወፍራሙ ከጥጉ ይመጣል። ከ80 ሄርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል፤ 120 እና 150 ሄርዝ ላይ ግን በደንብ ይለያል። ሰብዉፈሩ ጥግ ላይ ስለሆነ ያንን ወፍራም ድምፅ ያለ መጠን ያበዛዋል። ቃልን ከቃል የምንለይባቸው እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ያሉ ድምፆች ከ2,000 ሄርዝ በላይ የሚወጡ ደካማ ድምፆች ናቸው፤ በዚያ ጉምጉምታ ሥር ይሰጥማሉ። ክሮስኦቨሩ (ድምፅ ከስፒከሮቹ ወደ ሰብዉፈሩ የሚሻገርበት ቁጥር) በ80 ሄርዝ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከ80 እስከ 150 ሄርዝ ያለውን ማንም አያጫውተውም፣ ንግግሩም በስልክ የሚመጣ ይመስል ሥሩ ይጠፋል። የትኛው ላይ እንዳሉ ለማወቅ የሪሲቨሩን የስፒከር ማውጫ ከፍተው ቁጥሩን ይዩ።

የዋቱን ጉዳይ እዚሁ ልዝጋው። ጉልበት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ግን 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ100 ወደ 150 ዋት መሄድ 1.8 ዴሲቤል ነው፤ ሪሞቱን ሁለት ጊዜ እንደ መጫን። በ3 ሜትር ርቀት ላይ በተለመደ ከፍታ የሚሰማ ንግግር ከስፒከርዎ የሚፈልገው ከ1 ዋት ያነሰ ነው። በዚያ ላይ በካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቻናል ብቻ ሲሠራ፣ በ6 ኦም (የስፒከር የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ)፣ በ1,000 ሄርዝ ብቻ የተለካ ስለሆነ፣ አዲሱ 150 ዋት የሚል ቢሆን እንኳ ከአሮጌው 100 ዋት መብለጡ አያስተማምንም።

አንድም ሳንቲም ሳያወጡ የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ሳይጨርሱ ወደ ሱቅ አይሂዱ። መጀመሪያ መሃለኛው ስፒከር በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ፊልም እየሄደ የሪሲቨሩን ማሳያ ይመልከቱ፤ ዶልቢ ዲጂታል ወይም ዲቲኤስ ሳይሆን ፒሲኤም ወይም ስቴሪዮ የሚል ካነበቡ ቲቪው አምስቱን ቻናል ጨፍልቆ ሁለት አድርጎ ነው የሚልከው። ንግግሩም ለብቻው ከመሃል ከመውጣት ይልቅ ከሙዚቃውና ከጩኸቱ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። በቲቪው የድምፅ ማውጫ ውስጥ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን ከፒሲኤም ወደ ዶልቢ ዲጂታል ወይም ቢትስትሪም ይቀይሩት። ይህ አንድ መቼት የብዙ ሰው ቅሬታ ምክንያት ሆኖ ይገኛል፤ አዲስ ሪሲቨር የገዙትም ሳይቀሩ እዚሁ ላይ ተሰናክለው ይቀራሉ።

ቀጥሎ የመሃለኛው ስፒከር አቀማመጥ። ከቲቪው ሥር በመደርደሪያ ውስጥ ገባ ብሎ ከተቀመጠ ድምፁ ከመደርደሪያው ጣሪያና ወለል ጋር እየተጋጨ ይደበዝዛል። የስፒከሩ ፊት ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ወደ ፊት ይሳቡት፤ ከፊቱ ሥር የጎማ ቁራጭ አስገብተው ወደ ተቀመጠ ሰው ጆሮ ቀና ያድርጉት። ከዚያ በሪሲቨሩ ማውጫ የመሃለኛውን ቻናል በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ። ማታ ማታ የሚያዩ ከሆነ ናይት ሞድ ወይም ዳይናሚክ ሬንጅ የሚለውን ያብሩ፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። የፊልም ድምፅ ሲቀናበር ከንግግሩ እስከ ፍንዳታው ያለው ልዩነት ሆን ተብሎ ሰፊ ስለሚደረግ፣ ከዚህ ቅሬታ የተወሰነው በምንም ዓይነት ስፒከር አይጠፋም።

አሁን ወደ ቤዙ። 4 ሜትር ጥልቀት ያለው ክፍል 43 ሄርዝ ላይ፣ 5 ሜትር ስፋት ደግሞ 34 ሄርዝ ላይ ያስተጋባል፤ የድምፅን ፍጥነት 343 ለርዝመቱ እጥፍ በማካፈል ራስዎ ሊያሰሉት ይችላሉ። የማስተጋባቱ ግፊት የሚበረታው ግድግዳ ሥር ነው። ሶፋዎ ከኋላው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ጆሮዎ ያለው የ43 ሄርዙ ጉልበት ጫፍ ላይ ነው፤ እየደጋገመ ያጓራል ያሉት ኖታ እሱ መሆኑን ብዙ አልጠራጠርም። ሰብዉፈሩን ጥግ ማስቀመጥ ደግሞ ሁሉንም ማስተጋባቶች በአንድ ጊዜ መቀስቀስ ነው። ሶፋውን ወደ ፊት ስበው ጭንቅላትዎ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ቢርቅ ያ ኖታ በ3 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። 40 ሴንቲሜትር እንኳ ማንቀሳቀስ ከቻሉ ጥቂት ይረዳል።

ለሰብዉፈሩ የሚሻለው ቦታ በወረቀት ላይ ሲታይ የጎን ግድግዳው መሃል፣ ማለትም ከቲቪው ግድግዳ 2 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ሲቀመጥ የ43 ሄርዙን ማስተጋባት አይቀሰቅስም። ችግሩ አሁን ባለው ሁኔታ እስከ 150 ሄርዝ ስለሚጫወት፣ ጎን ላይ ሲያስቀምጡት የወንዶቹ ድምፅ ከጎንዎ መምጣት ይጀምራል። ቤዙን በትክክለኛው ቦታ ለማስቀመጥ እንኳ የፊቶቹ ስፒከሮች መቀየር ያለባቸው ለዚህ ነው። እስከዚያው ከጥጉ አውጥተው ከቲቪው አጠገብ፣ ወደ መሃለኛው ስፒከር ያስጠጉት። በሰብዉፈሩ ጀርባ ያለውን የክሮስኦቨር ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፍተው ሥራውን ለሪሲቨሩ ብቻ ይተዉ፤ ሁለቱም ሲቆርጡ መሃል ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። ባዶ የሴራሚክ ወለል ካለዎት በሶፋውና በስፒከሮቹ መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ። ምንጣፍና መጋረጃ የሚውጡት ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቤዙን አያስተካክሉም፤ ንግግርን ግን ያጠራሉ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሁለቱንም አይረዳም።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ የሪሲቨሩን የማይክሮፎን ልኬት (ሪሲቨሩ በራሱ ማይክ ስፒከሮቹንና ክፍሉን የሚለካበትን) እንደገና ያካሂዱ። ማይኩን ሶፋው ላይ አይጣሉት፤ በትራይፖድ ላይ፣ በጆሮ ከፍታ፣ ከሶፋው መደገፊያ ራቅ አድርገው ያቁሙት። ማራገቢያና ማቀዝቀዣ ይጥፉ። ልኬቱ ሲያልቅ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ሪሲቨሩ ስፒከሮቹን ላርጅ ብሎ መድቧቸው ከሆነ ወደ ስሞል ይመልሷቸውና ለእነዚህ ትናንሾች ክሮስኦቨሩን 150 ላይ ያድርጉ። ሁለተኛ፣ የሰብዉፈሩ ርቀት በሜትር ከለኩት በላይ ሆኖ ቢያገኙት እንዳይነኩት፤ በሰብዉፈሩ ውስጥ ያለውን የድምፅ መዘግየት ነው ያካተተው። ልኬቱ ጉብ ያለውን ቤዝ ይቆርጣል እንጂ የጎደለውን አይሞላም። መሃል ሶፋ ላይ 34 ሄርዝ ቢጎድልብዎ፣ ያንን በኢኮላይዘር 10 ዴሲቤል ለመጨመር መሞከር ከሰብዉፈሩ አምፕሊፋየር አሥር እጥፍ ጉልበት መጠየቅ ነው፤ የተጨመረውም እዚያው ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ወጪ የፊቶቹ ሦስት ስፒከሮች ይሁኑ፤ ግራ፣ መሃልና ቀኝ። ባለ 5 ወይም 6.5 ኢንች ዉፈር ያላቸው፣ እስከ 60 ሄርዝ ገደማ በንጽህና የሚወርዱ፣ ስሜታዊነታቸው (በ1 ዋት የሚያወጡት የድምፅ ከፍታ) 87 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ፣ ኦማቸው ከ6 እስከ 8 የሆነ ይምረጡ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ የሚወዳደራቸው የለም፤ ቢያንስ ግን ከአንድ ሞዴል ቤተሰብ ይሁኑ፣ አለዚያ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሃል ላይ ድምፁ ይለወጣል። መሃለኛው ተጋድሞ መቀመጥ ካለበት ይጠንቀቁ፦ ሁለት ዉፈር ግራና ቀኝ፣ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) መሃል የሆነው የተለመደው ቅርጽ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው መልካም ነው፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ለተቀመጠ ግን የሁለቱ ዉፈሮች ድምፅ እርስ በርስ ይጣፋል፣ የሚጎድለውም ንግግሩ ባለበት ክልል ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያይ ከሆነ ትዊተሩና አነስተኛው ሚድሬንጅ (መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው) አንዱ ካንዱ በላይ መሃል ላይ የተደረደሩበትን ባለ ሦስት መንገድ ዓይነት ይግዙ። ይወደዳል፣ ዋጋውን ግን ያወጣል። በጀቱ ሦስቱን ካልቻለ ከሦስት ደካማ ይልቅ መሃለኛውን ብቻ ጥሩ አድርገው ይግዙ፤ በፊልም ውስጥ ንግግሩ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚያልፈው በእሱ ነው። ያኔም ቢሆን ግራና ቀኙ በኋላ የሚሟሉበት ሞዴል ገበያ ላይ መቆየቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

አሮጌዎቹን አይጣሉ፤ የጎኖቹን ባሉበት ይተዉ። ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ጥቂት ከፍ ብለው ከተሰቀሉ ለዚያ ሥራ ይበቃሉ። አዲሶቹን የፊት ስፒከሮች ክሮስኦቨር 80 ሄርዝ፣ የጎኖቹን 150 ሄርዝ ያድርጉ። አንዳንድ የቆዩ ሪሲቨሮች ለሁሉም ቻናል አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ 100 ሄርዝ ላይ ያድርጉት። ከጎኖቹ የሚጎድለው ጥቂት ነው። አሁን ሰብዉፈሩን ያለ ሥጋት ወደ ጎን ግድግዳው መሃል መውሰድ ይችላሉ። ቤትዎ በርና ክፍት መተላለፊያ ስለሚኖረው ስሌቱ በመጠኑ ይዛባል፤ ስለዚህ አንድ ሙከራ ያድርጉ። ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ፣ እርስዎ የሚቀመጡበት ቦታ ያስቀምጡት፣ የቤዝ ጊታር የበዛበት ሙዚቃ ይክፈቱ፣ ከዚያ በግድግዳዎቹ ሥር ጎንበስ ብለው እየዞሩ ያዳምጡ። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የተሰሙበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ወጪ ሰብዉፈር ነው። ባለ 12 ኢንቹ ከባለ 8 ኢንቹ በስፋት 2.25 እጥፍ አየር ይገፋል፤ ይህ ትልቅ ልዩነት የሚሆነው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከ40 ወደ 20 ሄርዝ፣ ተመሳሳይ ጩኸት ለማግኘት አራት እጥፍ አየር መግፋት ስለሚያስፈልግ ነው። ለእርስዎ ክፍል መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ባለ 12 ኢንች፣ እስከ 25 ሄርዝ በጉልበት የሚወርድ ይበቃል። ቀዳዳው ከኋላ ከሆነ ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ያርቁት። ሶፋው ላይ ለሁሉም ሰው እኩል ቤዝ ከፈለጉ ግን አንድ ትልቅ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ተመሳሳይ መካከለኞችን በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች መሃል፣ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይበልጣል፤ የስፋቱን የመጀመሪያ ማስተጋባት ሁለቱ እርስ በርስ ይሽሩታል። አሮጌውን ባለ 8 ኢንች ከአዲሱ ጋር ማጣመር ግን አልመክርም፤ አዲሱ በሚጫወትበት ጥልቀት አሮጌው መንተክተክ ይጀምራል።

ቲቪውን በተመለከተ 4ኬ ስለሆነ ብቻ አይቀይሩት። መደበኛ ዓይን በ55 ኢንች ላይ የፉል ኤችዲን ነጥቦች መለየት የሚያቆመው 2.2 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እርስዎ ያሉት 3 ሜትር ላይ ነው። ለውጥ የሚያመጣው መጠኑና ኤችዲአሩ (የምስሉን ብርሃንና ጨለማ አስፍቶ የሚያሳየው) ነው። 55 ኢንች ከ3 ሜትር ሲታይ የሚሞላው 23 ዲግሪ ያህል ነው፤ ለፊልም ዝቅተኛው ተደርጎ የሚወሰደው 30 ዲግሪ በመሆኑ 75 ኢንች ያስፈልግዎታል። ኤችዲአር ይቀበላል ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ቲቪ ምልክቱን ይቀበላል እንጂ ብርሃኑን አያወጣም፤ ኦሌድ ወይም የጀርባ መብራቱ በየክፍሉ የሚደበዝዝ ኤልሲዲ ካልሆነ ልዩነቱን አያዩትም።

አዲስ ቲቪ ቢገዙም አሮጌው ሪሲቨር አይቀሬ እንቅፋት አይሆንም። ኤችዲኤምአይ 1.4 ኤችዲአርን አያሳልፍም፤ ግን ምስሉ በእሱ ማለፍ የለበትም። ማጫወቻዎቹን በቀጥታ ከቲቪው ጋር ያገናኙ፤ ድምፁን ከቲቪው ወደ ሪሲቨሩ በኤአርሲ (በኤችዲኤምአይ ገመዱ ድምፅን ወደ ኋላ በሚመልሰው መስመር) ይመልሱ። ሪሲቨሩ ዝም ካለ የቲቪውን የድምፅ መውጫ ከዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ወደ ተራው ዶልቢ ዲጂታል ይለውጡት። ሪሲቨሩ ኤአርሲ ከሌለው የኦፕቲካል ገመድም 5.1 ያስተላልፋል። በዚህ መንገድ የሚያጡት ከብሉሬይ ዲስክ የሚመጣውን፣ ጥራቱ ምንም ያልተቀነሰበትን ድምፅ ነው፤ በባለ 3 ኢንች ስፒከር ላይ ደግሞ ያንን የሚለይ ጆሮ አላውቅም።

ሪሲቨር የሚቀየረው ሲበላሽ ወይም አትሞስ በእውነት ሲያስፈልግ ነው። ያኔም 8ኬ የሚለውን ጽሑፍ ይለፉት፤ በ8ኬ የሚለቀቅ ፊልም የለም ማለት ይቻላል። ኢ-ኤአርሲ (የተሻሻለው ኤአርሲ)፣ በየግሉ የሚስተካከሉ ሁለት የሰብዉፈር መውጫዎች፣ ለእያንዳንዱ ቻናል የተለየ ክሮስኦቨር እና እንደ ዲራክ ያለ ጥሩ የክፍል ማስተካከያ ያለውን ይፈልጉ። አራቱ የጣሪያ ስፒከሮች ደግሞ ክፍልዎ የሚቀበላቸው አይደሉም፤ ከአራቱ ሁለቱ ከጀርባዎ በላይ መሆን ሲገባቸው ከጀርባዎ ያለው ግድግዳ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ሁለት ብቻ፣ ከራስ በላይ ትንሽ ወደ ፊት ነው። ወደ ጣሪያ ተኩሰው የሚያንጸባርቁትን ዓይነቶች ጣሪያዎ ጠፍጣፋና ጠንካራ ካልሆነ አያስቧቸው።

ለኤችዲኤምአይ ገመድ 4ኬ ኤችዲአር በ60 ሄርዝ (እዚህ በሰከንድ 60 ምስል ማለት ነው) የሚፈልገው በሰከንድ 18 ጊጋቢት ነው፤ እስከ 3 ሜትር ድረስ ይህንን የሚያሟላ የተረጋገጠ ተራ ገመድ ከውዱ ጋር አንድ ነው። ዲጂታል ምልክት ሲደክም ምስሉ ይቆራረጣል፣ ነጭ ነጠብጣብ ይረጫል ወይም ይጠፋል እንጂ ቀለሙ አይደበዝዝም፤ ቀለም ያደምቃል ብሎ የሚሸጥልዎትን አይመኑ።

የስፒከሩን ገመድ ግን ችላ አይበሉ። ንጹሕ መዳብ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ እስከ 15 ሜትር ለ8 ኦም ስፒከር ይበቃል፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በርካሽ ይሸጣል፣ ሲቆርጡት ውስጡ ነጭ ነው፤ እሱን ከገዙ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ይውሰዱ። ከመንካትዎ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉ። ከጫፉ የወጣች አንዲት ቀጭን ክር ከጎረቤቷ ማሰሪያ ጋር ከተነካካች ሪሲቨሩ ራሱን ያጠፋል፣ ካልታደሉም የመውጫው ትራንዚስተር ይቃጠላል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይሁን፤ ከሦስቱ አንዱ ቢገለበጥ ቤዙ ይሳሳል፣ ድምፁም ከመሃል ይሸሻል። ከሪሲቨሩ በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተዉለት፤ ሙቀት የሪሲቨርን ዕድሜ ያሳጥራል። አዲሶቹን ስፒከሮች ከገጠሙ በኋላ የማይክሮፎኑን ልኬት ከመጀመሪያው ይድገሙት፤ ያለፈው ልኬት የአሮጌዎቹ ነው፣ ለእነሱ የጨመረውንና የቀነሰውን በአዲሶቹ ላይ ይጭንብዎታል።